በእጅ ሲያስነሡት የሚሠራ፣ ሰርቪስ ሆኖ ግን አልነሣ የሚል የኤስኤስኤች ሰርቨር፦ በዊንዶውስ ላይ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ኦፕን ኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ በተመሰጠረ ግንኙነት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያስችል ፕሮግራም) የተጫነበት አንድ የዊንዶውስ ሰርቨር አለ እንበል። የትዕዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪ መብት ከፍተው ገቢ ግንኙነቶችን የሚቀበለውን ኤስኤስኤችዲ የተባለ ፕሮግራም በቀጥታ ሲያስነሡት ያለ ምንም ቅሬታ ይነሣል፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነውም መግባት ይችላሉ። ያንኑ ፕሮግራም ከሰርቪሶች (ዊንዶውስ ራሱ ከበስተጀርባ ከሚያስነሣቸው ፕሮግራሞች) ዝርዝር ውስጥ «ስታርት» ብለው ሲያዝዙት ግን ጥቂት ይንፏቀቅና ሰርቪሱ መነሣት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት ከአንድ የስሕተት ቁጥር ጋር ያወጣል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ፕሮግራሙን አራግፎ እንደገና መጫን ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከድካም አያልፍም፤ የቅንብሩ ፋይልና የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጡት የቁልፍ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ፕሮግራሙ ሲራገፍ ባለበት ስለሚቀር፣ አዲሱ ጭነት የአሮጌውን ችግር ይወርሳልና።

ነገሩን ለመረዳት ፕሮግራሙ አንድ ቢሆንም አስነሺዎቹ ሁለት መሆናቸውን ማየት ይበቃል። በእጅ ሲያስነሡት የሚሠራው በእርስዎ አካውንት ስም ነው፤ ቅር ያለውን ነገር ሁሉ የሚጽፍበት መስኮትም ከፊቱ አለ። ሰርቪስ ሆኖ ሲነሣ ግን የሚሠራው ሎካል ሲስተም በሚባለው የዊንዶውስ ውስጣዊ አካውንት ስም ነው፤ የሚናገርበት መስኮት የለውም፤ ኮምፒውተሩ ገና በመነሣት ላይ ሳለ፣ ኔትወርኩ ሳይሟላ ሊጠራ ይችላል፤ የሚነሣውም እርስዎ ካሰቡት ፎልደር ሳይሆን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ከተመዘገበው አድራሻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ እነዚህን ልዩነቶች አንድ በአንድ እያነሡ የትኛው እንደ ጎዳን የሚያጣሩ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የትዕዛዞችንና የፋይሎችን ስም በአፍ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በትዕዛዝ መስኮቱ ላይ ግን እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይገባሉ። የምናገረው ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 ሥሪት 1809 እና ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር ስለሚያቀርበው ኦፕን ኤስኤስኤች ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሌላ መግቢያ ይኑርዎት

ሰርቨሩ ከፊትዎ ካልሆነ፣ ኤስኤስኤችን እየጠገኑ በኤስኤስኤች ብቻ አይግቡ። ሪሞት ዴስክቶፕ ይክፈቱ፤ እሱ ካልተቻለ ሰርቨሩ አጠገብ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይኑር። እኔ ይህን የተማርሁት ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ነው። በቅንብሩ ፋይል መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጨመርሁ፤ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጌ ወጣሁ፤ ተመልሼ ልገባ ስል በሩ ዝግ ነው። የቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረችልኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። የዚያችን መስመር ጉድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ እናገኘዋለን።

አንደኛ፦ የስሕተቱን ቁጥርና የኢቨንት ቪወርን ቃል ይያዙ

በሰርቪሶቹ ዝርዝር ውስጥ የምንፈልገው «ኦፕን ኤስኤስኤች ኤስኤስኤች ሰርቨር» የሚለውን ነው። ከጎኑ «ኦፕን ኤስኤስኤች ኦተንቲኬሽን ኤጀንት» የሚባል ሌላ ሰርቪስ አለ፤ እሱ ቢቆምም ሰርቨሩ ለመነሣት አይፈልገውምና በእሱ ጊዜ አያጥፉ።

የሚወጣው ቁጥር 1058 ከሆነ ሰርቪሱ «ዲሴብልድ» ተደርጓል ማለት ነው፤ የአነሣሡን ዓይነት ወደ «ኦቶማቲክ» መቀየር ይበቃል። 2 ከሆነ ዊንዶውስ የፕሮግራሙን ፋይል በተመዘገበው አድራሻ አላገኘውም። 1069 ከሆነ ሰርቪሱ በሌላ አካውንት ስም እንዲነሣ ተደርጎ የአካውንቱ ፓስዎርድ አልሠራም። 1053 ፕሮግራሙ በተፈቀደለት ጊዜ፣ ይኸውም በ30 ሰከንድ ውስጥ፣ ለዊንዶውስ ምላሽ እንዳልሰጠ ይናገራል፤ ይህ በተለይ የሚታየው ሰርቪስ እንዲሆን ያልተሠራ ፕሮግራም በእጅ ሰርቪስ ተብሎ ሲመዘገብ ነው። ለምሳሌ የሲግዊንን (የሊኑክስ ዓይነት ፕሮግራሞችን በዊንዶውስ ላይ የሚያሠራ ስብስብ) ኤስኤስኤችዲ ያለ አስነሺው ረዳት ፕሮግራም በቀጥታ የመዘገበ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚያየው ግን 1067ን ነው። ትርጉሙ «ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሳይታሰብ ሞተ» ከማለት አያልፍም፤ ስለ አሟሟቱ የሚናገረው የለም። ስለዚህ የዊንዶውስን የክስተት መዝገቦች የሚያሳየውን ኢቨንት ቪወርን ይክፈቱና በመጀመሪያ «ዊንዶውስ ሎግስ» ሥር «ሲስተም» የሚለውን፣ ቀጥሎም «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ» ሥር «ኦፕን ኤስኤስኤች» ከዚያም «ኦፐሬሽናል» የሚለውን ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቦታ «ሰርቪስ ኮንትሮል ማናጀር» ሰርቪሱ ስንት ጊዜ እንደወደቀ በ7031 ወይም በ7034 ቁጥር ይመዘግባል። በሁለተኛው ቦታ ኤስኤስኤችዲ ራሱ የጻፈው ቃል ካለ ሥራው ተጋምሷል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ሎግ (የሥራ መዝገብ) መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ወድቆ ሊሆን ይችላልና፣ ይህን በማስታወሻዎ ላይ ይያዙት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛ፦ የሚነሣው የትኛው ፕሮግራም ነው? በማንስ ስም?

ሰርቪሱን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የፕሮግራሙ ሙሉ አድራሻ ተጽፏል፤ ከሥርዓቱ ጋር የመጣው ሲ ድራይቭ ላይ በዊንዶውስ ፎልደር፣ በሲስተም 32 ውስጥ፣ ኦፕን ኤስኤስኤች በሚባል ፎልደር ይቀመጣል። ጊትሃብ ከሚባለው የፕሮግራሞች ድረ ገጽ በወረደ የኤምኤስአይ መጫኛ ፋይል የተጫነው ግን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለቱም ሲገኙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አስተዳዳሪው በትዕዛዝ መስኮቱ የሚያስነሣው አንደኛውን፣ ሰርቪሱ የሚጠራው ሌላኛውን ይሆንና «በእጅ ይሠራል» የሚለው ምስክርነት ስለ ሌላ ፕሮግራም የተሰጠ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ለሚደረገው ሙከራ ሁሉ ከዚህ ገጽ ላይ የገለበጡትን ሙሉ አድራሻ ብቻ ይጠቀሙ።

ሌላው ወጥመድ አዲስ ሥሪት ጫንሁ ብሎ የኤስኤስኤችዲን ፋይል ብቻ ቀይሮ የቀሩትን መተው ነው። በሐምሌ ወር 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣው ሥሪት 9.8 ጀምሮ የሰርቨሩ ሥራ ለሁለት ተከፍሏል፤ ኤስኤስኤችዲ ጆሮ ብቻ ሆኖ ፖርቱን (ግንኙነት የሚገባበትን ባለ ቁጥር በር) ሲጠብቅ፣ የገባውን ሰው የሚያስተናግደው ኤስኤስኤችዲ ሴሽን የሚባል ሌላ ፋይል ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም፤ ፎልደሩ በሙሉ ከአንድ ሥሪት መሆን አለበት።

«ሎግ ኦን» በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ «ሎካል ሲስተም አካውንት» መመረጡን ያረጋግጡ። ለደኅንነት በማሰብ በሌላ አካውንት የሚተኩት አሉ፤ ሐሳቡ በጎ ቢሆንም፣ ኤስኤስኤችዲ በገባው ሰው ስም ሥራ ለማስጀመር የሚያስፈልገውን መብት ተራ አስተዳዳሪ እንኳ በነባሪው አያገኘውም።

ሦስተኛ፦ የቅንብሩን ፋይል ያስፈትሹ

የቅንብሩ ፋይል የሚገኘው ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ፣ ኤስኤስኤች በሚባለው ፎልደር ነው። ፕሮግራም ዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ አድራሻውን ከላይ መጻፍ ይቀላል። ሰርቪሱ ቆሞ ሳለ፣ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትዕዛዝ መስኮት ላይ የኤስኤስኤችዲን ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ጽፈው ከኋላው ሰረዝና ትንሿን «ቲ» ይጨምሩ። ይህ ሰርቨሩን አያስነሣም፤ ቅንብሩንና ቁልፎቹን ብቻ ይፈትሻል። ምንም ሳይል ከተመለሰ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው፤ ስሕተት ካገኘ የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይነግርዎታል።

እንግዲህ ያቺ የእኔ መስመር። ዊንዶውስ የሚሰጠው የቅንብር ፋይል የሚያልቀው «ማች ግሩፕ አድሚኒስትሬተርስ» በሚል መስመርና ከሥሩ ባለ አንድ መመሪያ ነው። ማች ከሚለው ቃል በታች ያለው ሁሉ፣ ሌላ ማች እስኪመጣ ወይም ፋይሉ እስኪያልቅ ድረስ፣ የዚያ ቡድን ብቻ ደንብ ሆኖ ይነበባል። እኔ ፖርት የሚለውን መመሪያ እንደማንኛውም ሰው ወርጄ ከመጨረሻው ላይ ጻፍሁት፤ ፖርት ግን ለአንድ ቡድን ተለይቶ የሚሰጥ ነገር ስላልሆነ ኤስኤስኤችዲ «ይህ መመሪያ በማች ውስጥ አይፈቀድም» ብሎ ሥራውን አቆመ። መፍትሔው መመሪያውን ከማች በላይ ማውጣት ብቻ ነበር። አዲስ መመሪያ ሲጨምሩ ሁልጊዜ ከፋይሉ ራስጌ አካባቢ ይጨምሩ።

ሌሎቹ የቅንብር ስሕተቶች በአብዛኛው ከአጻጻፍ የሚመጡ ናቸው። ፋይሉን ከዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 በቀስት ምልክት ወደ ፋይል የጻፈ ሰው ዩቲኤፍ 16 በሚባለው አጻጻፍ ያስቀመጠዋል፤ በኖትፓድ ሲከፈት ምንም ጉድለት አይታይበትም፣ ኤስኤስኤችዲ ግን አያነበውም። አዲሱ ኖትፓድ ከታች በቀኝ በኩል የፋይሉን አጻጻፍ ስለሚያሳይ እዚያ ይመልከቱና ዩቲኤፍ 8 አድርገው ያስቀምጡት። የእኛ ብቻ የሆነ ስሕተት ደግሞ አለ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ተረስቶ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ፊደል ይጻፋል፣ ወይም በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ይገባል። ፈታሹ የመስመሩን ቁጥር ስለሚሰጥ ያንን መስመር ከማረም ይልቅ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ፈጣን ነው።

አራተኛ፦ በእርስዎ ዓይን ሳይሆን በሎካል ሲስተም ዓይን ይሞክሩት

እስከዚህ ያደረግነው ፈተና በእርስዎ አካውንት ስም የተደረገ ስለሆነ እንቆቅልሹን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎቹ ውስጥ በነፃ የሚያቀርበውን ፒኤስ ኤግዜክ አውርደው፣ ሰረዝ «ኤስ» እና ሰረዝ «አይ» የሚሉትን ምርጫዎች ሰጥተው ሲኤምዲን ያስከፍቱ። አዲስ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ በውስጡ «ሁ አም አይ» የሚለውን ትዕዛዝ ቢጽፉ የሚመልስልዎ ስም የእርስዎ ሳይሆን የሲስተም ነው። አሁን በዚህ መስኮት ላይ የኤስኤስኤችዲን ሙሉ አድራሻ ከሰረዝ «ዲ» ጋር ይጻፉ። ሰረዝ «ዲ» ፕሮግራሙ የሚያስበውን ሁሉ በስክሪኑ ላይ እየጻፈ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ የሚያስተናግደውም አንድ ግንኙነት ብቻ ነው፤ ያ ሲያበቃ ራሱም ይዘጋል፤ ስለዚህ ሲዘጋ አይደንግጡ።

ውጤቱ ከሁለት አንዱ ነው። በፖርት 22 ላይ እየጠበቀ መሆኑን የሚናገር መስመር ጽፎ ከቆመ፣ ችግሩ የአካውንት አይደለምና ወደ ስድስተኛው ደረጃ ይለፉ። ከሞተ ግን የመጨረሻዎቹ መስመሮች ምክንያቱን ይዘዋል፤ በብዛትም የሚነበበው የአንድ ቁልፍ ፋይል ፈቃድ ከመጠን በላይ ክፍት መሆኑን፣ በዚህም የተነሣ ቁልፉ እንደማይታይ፣ በመጨረሻም ምንም የሰርቨር ቁልፍ ስለሌለ ፕሮግራሙ እንደሚወጣ የሚናገር ነው።

አምስተኛ፦ የቁልፎቹ ባለቤትና ፈቃድ

ኤስኤስኤችዲ የሰርቨሩን ምስጢራዊ ቁልፍ ከመጠቀሙ በፊት ሁለት ነገር ይመረምራል፦ የፋይሉ ባለቤት ማን ነው፣ ከባለቤቱ ሌላ ማን ሊከፍተው ይችላል። የሚቀበላቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሲስተም፣ የአስተዳዳሪዎች ቡድን፣ እና ፕሮግራሙ አሁን የሚሠራበት አካውንት። እንቆቅልሹ የሚፈታው በሦስተኛው ነው። የቁልፉ ባለቤት የእርስዎ አካውንት ቢሆን፣ በእጅ ሲያስነሡት «አሁን የሚሠራበት አካውንት» እርስዎ ስለሆኑ ያልፋል፤ ሰርቪስ ሆኖ ሲነሣ ግን ያ አካውንት ሲስተም ነው፣ እርስዎም ለእሱ ባዕድ ነዎት፤ ስለዚህ ቁልፉን ይጥለዋል።

ፈቃዱ እንዴት ተበላሸ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ቁልፎቹን ከሌላ ሰርቨር ወይም ከመጠባበቂያ ቅጂ በእጅ የገለበጠ ሰው ባለቤቱን ይቀይራል። ከዚህ ይልቅ ሳይታወቅ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፦ ወደ ፎልደሩ ለመግባት ሲሞክሩ ዊንዶውስ «አሁን ፈቃድ የለዎትም» ይልና «ኮንቲኒው» የሚል ቁልፍ ያሳያል፤ እሱን ሲጫኑ የእርስዎን ስም በፎልደሩ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ በቋሚነት ያስገባዋል። ፋይሎቹን ለማየት ብቻ የገባ ሰው በዚህ መንገድ ሰርቪሱን ሊያጠፋው ይችላል፤ ጉዳቱም የሚታየው ኮምፒውተሩ ከሳምንታት በኋላ ሪስታርት ሲደረግ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማንም ነገሩን አያያይዘውም።

ለማስተካከል በፎልደሩ ውስጥ ስማቸው በኤስኤስኤች ሆስት የሚጀምሩትን፣ ነገር ግን በ«ፐብ» የማያልቁትን ፋይሎች ይለዩ፤ እነዚህ ምስጢራዊዎቹ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜም አርኤስኤ፣ ኢሲዲኤስኤ እና ኢዲ 25519 የሚባሉት ሦስቱ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ይግቡ። ባለቤቱን ወደ ሲስተም ይቀይሩ። «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» የሚለውን ተጭነው ከላይኛው ፎልደር የሚወርሰውን ፈቃድ ያቋርጡ። ከዚያም ከሲስተምና ከአስተዳዳሪዎች ቡድን በቀር በዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የራስዎንም ስም ጨምሮ፣ ያውጡ፤ ለሁለቱም ሙሉ ፈቃድ ይስጡ። በ«ፐብ» የሚያልቁት ይፋዊ ቁልፎች ስለሆኑ ማንም ቢያነባቸው ችግር የለውም።

እግረ መንገድዎን የፋይሎቹን መጠን ይመልከቱ። መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ መጠኑ ዜሮ ሆኖ የቀረ ፋይል ካጋጠመዎ በፈቃድ አይድንም፤ ከመጠባበቂያ ይመልሱት። መጠባበቂያ ከሌለ ያንን ፋይልና የእሱን ፐብ ያጥፉ፤ ሰርቪሱ ሲነሣ የጎደለውን ቁልፍ ራሱ ይፈጥራል። ይሁን እንጂ አዲስ ቁልፍ ማለት ከዚህ በፊት ይገቡ የነበሩ ሁሉ «የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል» የሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ ያያሉ ማለት ስለሆነ፣ ቀድመው ይንገሯቸው፤ ጤነኛውን ቁልፍም በከንቱ አያጥፉ።

የፎልደሩ ራሱ ፈቃድ

ቁልፎቹ ጤነኛ ሆነው በኢቨንት ቪወር ላይ ግን ምንም ቃል ካልተገኘ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ፎልደሩ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት ወር 2024 የወጣው የደኅንነት አፕዴት፣ ቁጥሩ ኬቢ 5044285፣ በዊንዶውስ 11 ሥሪቶች 22ኤች2 እና 23ኤች2 ላይ በተወሰኑ ኮምፒውተሮች የኦፕን ኤስኤስኤች ሰርቪስ እንዳይነሣ ማድረጉን ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል፤ ሰርቪሱ ዝርዝር ሎግ ሳይጽፍ ይወድቅ ስለነበር ሰዎች ኤስኤስኤችዲን በእጅ ለማስነሣት ተገደው ነበር። ኩባንያው የሰጠው መፍትሔ በፕሮግራም ዳታ ውስጥ ባለው የኤስኤስኤች ፎልደርና በውስጡ ባለው «ሎግስ» ፎልደር ላይ ለሲስተምና ለአስተዳዳሪዎች ቡድን ሙሉ ፈቃድ፣ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» ለሚባሉት ደግሞ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት ነው። አፕዴቱን አራግፎ መተው ግን ሰርቨሩን ያለ ደኅንነት ጥገና ማስቀረት ስለሆነ አልመክረውም። የእርስዎ ሰርቨር ያንን አፕዴት ያላገኘ ቢሆንም እንኳ የሁለቱን ፎልደሮች ፈቃድ በዚህ ልክ ማድረግ ምንም አይጎዳም።

ስድስተኛ፦ ፖርቱና የመነሻው ሰዓት

በሲስተም አካውንትም እየሠራ ሰርቪሱ ብቻ ካልተነሣ፣ ምናልባት ሙከራው ያስቀረው ሌላ ኤስኤስኤችዲ ፖርቱን ይዞ ይሆናል። «ኔትስታት» የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ «ኤኤንኦ» ጋር ይስጡና በ22 ላይ «ሊስኒንግ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በመጨረሻው ዓምድ ያለውን ቁጥር በታስክ ማናጀር «ዲቴይልስ» ገጽ ላይ ቢያስተያዩት ባለቤቱ ይገኛል። ፖርቱን ወደ ትልቅ ቁጥር ቀይረው ከሆነና ማንም ሳይዘው «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል ከመጣ ደግሞ፣ ሃይፐር ቪ (የዊንዶውስ የምናባዊ ኮምፒውተር ሥርዓት) ያንን ቁጥር ለራሱ አስይዞት ሊሆን ይችላል፤ ከ49152 በታች ያለ ሌላ ቁጥር ይምረጡ።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚወድቅ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገብተው «ስታርት» ሲሉት ግን የሚነሣ ሰርቪስ ካለዎ፣ በቅንብሩ ፋይል ላይ «ሊስን አድሬስ» የሚለውን መመሪያ ይፈልጉ። በዚያ ላይ የቪፒኤን ወይም ዘግይቶ የሚመጣ የኔትወርክ አድራሻ ከተጻፈ፣ ኤስኤስኤችዲ በሚጠራበት ሰዓት አድራሻው ገና ስላልተገኘ የሚያርፍበት አጥቶ ይወጣል። መስመሩን አንሥተው በሁሉም አድራሻ እንዲጠብቅ ቢያደርጉትና ማን ሊገባ እንደሚችል በፋየርዎል ቢወስኑ ይሻላል። ይህ ካልተመቸ የአነሣሡን ዓይነት «ኦቶማቲክ ዲሌይድ ስታርት» ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ መዘግየት ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥምና።

ሰባተኛ፦ ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተነሣ

በቅንብሩ ፋይል ላይ፣ ከማች በላይ፣ «ሲስሎግ ፋሲሊቲ» የሚለውን «ሎካል 0»፣ «ሎግ ሌቭል» የሚለውን ደግሞ «ዲባግ 3» ያድርጉ። ኤስኤስኤችዲ ከዚህ በኋላ ወደ ኢቨንት ቪወር መጻፉን ትቶ «ሎግስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ወዳለ ፋይል ይጽፋል። ሰርቪሱን አንድ ጊዜ አስነሥተው ሲወድቅ ፋይሉን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት፤ መጨረሻ ላይ የተጻፈው የሞቱ ሰዓት ቃል ነው። ፋይሉ ጭራሽ ካልተፈጠረ ወደ ፎልደሩ ፈቃድ ይመለሱ።

ሰርቪሱ ከተነሣ በኋላ ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ይሞክሩ። ሰርቪሱ እየሠራ ግንኙነቱ ምላሽ ሳያገኝ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ የፋየርዎሉ ደንብ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ አሁን ባለበት የኔትወርክ ዓይነት፣ በ«ፕራይቬት» ወይም በ«ፐብሊክ»፣ የሚሠራ መሆኑን ይመልከቱ፤ ፖርቱን ቀይረው ከሆነም ደንቡ አሁንም 22ን ብቻ ይፈቅድ ይሆናል። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉና ማንም በስክሪኑ ላይ ሳይገባ ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ይግቡ። ይህ ከተሳካ «ዲባግ 3»ን ወደ ነበረበት ይመልሱ፤ አለዚያ የሎጉ ፋይል ዲስኩን ቀስ በቀስ ይበላዋል።